ሪስታርት ጥገና አይደለም

«ልጄ፣ ብሩ ከእኔ ወጥቷል። እዚያ ግን አልደረሰም። ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ በስልክ። የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ሐሙስ ከፍለዋል። ከሂሳባቸው ተቀንሷል፤ ትምህርት ቤቱ ግን «አልገባልንም» ብሏቸዋል። እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ዴቨሎፐር ነበርኩ። ክፍያዎችን የሚያስተላልፈውን ሲስተም ከሚጠብቁት ልጆች አንዱ ነኝ፤ የዚያን ቀን ተረኛውም እኔው። የክፍያውን መዝገብ ከፍቼ አየሁት። «በሂደት ላይ» ይላል። ክፍያውን የያዘው ፕሮግራም ስምም ተጽፏል፦ ሠራተኛ ቁጥር 3። ሄጄ ሠራተኛ ቁጥር 3ን ሳየው ግን ምንም አልያዘም። ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ምን አደረግኩ? ሪስታርት። አንድ ደቂቃም አልፈጀ። «አሁን ይዩት እማማ» አልኳቸው። «ደረሰ! ተባረክ የኔ ልጅ» አሉኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩና ላፕቶፔን ዘጋሁ።

ሰኞ ቢሮ ስንገናኝ ነገሩን አነሳሁት። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሚያጋጥም ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዱ «እኔ ማሽን ላይ ስንቴ ሞክሬው አንዴም አልሆነም» አለ። ሌላው «ሰው ሲበዛበት ነው» አለ። በመጨረሻ ሲስተሙ በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ አንድ መስመር ተጨመረ። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩን «ተፈትቷል» ብዬ የዘጋሁትም እኔ ነኝ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች «ተፈትቷል» ከምትል ቃል ጋር የሚጣላ ነው። እኛ ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እንደ ጸሎት እንደጋግማለን፦ «እኔ ጋ ይሠራል» እና «ሪስታርት አድርገው»። የመጀመሪያው ችግሩ የለም ለማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ችግሩ ቢኖርም የእኔ አይደለም ለማለት። ሁለቱም ሰበብ ናቸው ብዬ ልከራከር ነው። ምስክር አድርጌ የማቀርበው ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተደብቆ የኖረ አንድ ባግ ነው። ባጉ የአንድ ሎክ ባለቤት ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ የተሠራ ስሕተት ነበር፤ ጥገናው ደግሞ አንድ «ከሆነ» ብቻ። ታሪኩን ስንጨርስ ሠራተኛ ቁጥር 3 ምን ሆኖ እንደነበር እነግራችኋለሁ።

ባለቤት ያለው ቁልፍ

ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሜሞሪን፣ ዲስክን፣ ፕሮሰሰርን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ይሄ ሩቅ አገር ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊኑክስ ከርነል ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ይህን ጽሑፍ ምናልባት በእሱ ላይ እያነበባችሁት ነው።

ብዙ ታስኮች በአንድ ጊዜ ሲሮጡ አንድን ዕቃ ሁለቱ እኩል እንዳይነኩት ሎክ ያስፈልጋል። ቁልፍ በሉት። የያዘው ይገባል፤ ሌላው ደጅ ይጠብቃል። ቁልፍ ግን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሴማፎር የሚባለው ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ማን ወሰደ፣ ማን መለሰ አይልም። አንዱ ወስዶ ሌላው ቢመልሰው ግድ የለውም። ሚውቴክስ ግን ባለቤት አለው። ሊኑክስ ውስጥ ሕጉ ግልጽ ነው፦ የቆለፈው ራሱ ብቻ ነው የሚከፍተው።

ባለቤቱን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? ለዚህ መልስ ከምድር ወጣ ማለት አለብን። ማርስ ፓዝፋይንደር እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ አረፈች። ከዚያ ኮምፒውተሯ በመሐል እየተነሳ ራሱን ሪስታርት ማድረግ ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅድሚያው ዝቅ ያለ፣ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስብ ታስክ አንድ ቁልፍ ይይዛል። ቅድሚያው ከፍ ያለ ሌላ ታስክ ያንን ቁልፍ ይጠብቃል። በመሐል ቅድሚያቸው መካከለኛ የሆኑ ታስኮች ይመጡና ፕሮሰሰሩን ይይዙታል። ታች ያለው መሮጥ ስላልቻለ ቁልፉን አይለቅም። ላይ ያለው ቁልፉን ስላላገኘ አይሮጥም። ሰዓት የሚጠብቀው ክፍል «ዋናው ሥራ በጊዜው አልተሠራም» ብሎ ሁሉንም ያጠፋና ያስነሳል።

መድኃኒቱ ቅድሚያን ማውረስ ይባላል። ትልቁ ትንሹን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ቁልፉን እስኪለቅ ድረስ ለትንሹ የትልቁን ቅድሚያ አውሰው፤ ቶሎ ይጨርስና ይውጣ። የናሳ መሐንዲሶች ይህን ችሎታ ከምድር ሆነው ማርስ ላይ ባለው ሶፍትዌር ውስጥ አበሩት፤ ችግሩም ቆመ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ቅድሚያ የምታወርሰው ሰው ማን እንደሆነ ካላወቅህ አታወርስም። ስለዚህ ቁልፉ ላይ የባለቤቱ ስም በትክክል መጻፍ አለበት። ስሙ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይሳሳታል።

ሊኑክስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው አርቲ ሚውቴክስ ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ነው ከርነሉ ውስጥ የገባው። የኛ ባግ ደግሞ አብሮት ገባ፤ ከመጀመሪያው ቀን።

ሰሌዳውና ነጥቡ

በቀጥታ ኮዱን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትሸሹኛላችሁ፤ ስለዚህ ግቢ እንግባ። ስድስት አባወራ የሚኖርበት፣ አንድ ሽንት ቤት ያለው የድሮ ግቢ አስቡ። በሩ አጠገብ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የገባ ሰው ስሙን በጠመኔ ይጽፋል። ሲወጣ ስሙን አጥፍቶ ይሄዳል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ቤቱ ባዶ ነው።

ወረፋ ሲኖር ደግሞ ደብተር አለ። የሚጠብቅ ሰው ደብተሩን ይዞ ስሙን ይጽፋል፤ ሰሌዳው ላይ ካለው ስም አጠገብም አንዲት ነጥብ ያደርጋል። ነጥቧ «የሚጠብቅ ሰው አለ» ማለት ነው። የደብተሩ ሕግ ጥብቅ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይይዘዋል፤ ወረፋውን የሚነካውም እሱ ብቻ ነው።

የሚወጣው ሰው ሁለት መንገድ አለው። ስሙ አጠገብ ነጥብ ከሌለ አጭሩን መንገድ ይሄዳል፤ ማንንም ሳይጠይቅ ስሙን ያጠፋና ይሄዳል። ነጥብ ካለ ግን ረጅሙ መንገድ ነው፤ ደብተሩን መያዝ አለበት፣ ቀጥሎ ያለውን መጥራት አለበት። አጭሩ መንገድ የተሠራው ለፍጥነት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ሁሉንም ደብተር ማስያዝ ጊዜ ማባከን ነው። አርቲ ሚውቴክስም ልክ እንዲህ ነው። የባለቤቱ አድራሻና ነጥቧ አንድ ቦታ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ነጥቧ የአድራሻው የመጨረሻ ቢት ናት።

አሁን ባጉ። አልማዝ ውስጥ ናት፤ ሰሌዳው «አልማዝ» ይላል። ሰለሞንና ትዕግስት መጡ፤ ደብተሩ ላይ ተጻፉ፤ ነጥቧ ተደረገች። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም መጠበቅ ሰለቻቸው። ከርነል ውስጥም እንዲህ ያጋጥማል፤ የሚጠብቅ ታስክ ሲግናል ይደርሰውና ጥበቃውን ይተዋል። ሰለሞን ደብተሩን ይዞ ስሙን ሰረዘ፤ መለሰ። ትዕግስትም ይዛ ሰረዘች፤ መለሰች። ደብተሩ ባዶ ሆነ።

አንድ ሥራ ግን ይቀራል፤ ነጥቧ መጥፋት አለባት። የግቢው ደንብ «ወረፋ ትተህ ስትሄድ ደብተሩን ያዝና እይ፤ ባዶ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም ያለ ነጥብ መልሰህ ጻፈው» ይላል። ሰለሞን ደብተሩን ያዘ፤ ባዶ ነው። ሰሌዳው ላይ «አልማዝ» ብሎ ያለ ነጥብ ጻፈና ሄደ። ልክ ነው። ትዕግስት በተራዋ ደብተሩን ያዘች፤ ባዶ ነው። ሰሌዳውን አየች፦ «አልማዝ»። ነጥብ የለም፤ ደንቡ ግን ነጥብ ኖረም አልኖረም «መልሰህ ጻፈው» ነው የሚለው። ጠመኔ ልታነሳ ዞር አለች።

በዚያች ቅጽበት አልማዝ ወጣች። ነጥብ ስለሌለ በአጭሩ መንገድ ስሟን አጥፍታ ሥራዋ ሄደች። ትዕግስት ጠመኔውን ይዛ ተመለሰችና ቀድሞ ያየችውን ጻፈች፦ «አልማዝ»።

ቤቱ ባዶ ነው። ሰሌዳው ግን «አልማዝ» ይላል። አልማዝ ታክሲ ላይ ናት። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ይሰለፋል፤ የሚጠብቀው ግን የለችም። ቅድሚያ የሚወርሰውም ያቺው የሌለችው ሰው ነች። ማንም ክፉ ነገር አላደረገም፤ ሁሉም ደንቡን አክብሯል። ጥፋቱ ደንቡ ላይ ነው።

አንድ «ከሆነ»

በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ መሐንዲስ ይህን ስሕተት የሚያወጣ የሙከራ ፕሮግራም ጽፎ አቀረበ። የከርነሉን ይህን ክፍል ከሚመሩት አንዱ የሆነው ቶማስ ግላይክስነር ጥገናውን ጻፈ። ጥገናው በግቢው ቋንቋ ይህን ይመስላል፦ «ነጥብ ካለ ብቻ ጻፍ። ከሌለ ሰሌዳውን አትንካ።»

በቃ። አንድ «ከሆነ»።

ለምን በቂ ሆነ? እስቲ አስቡት። ነጥብ ካለ አልማዝ በአጭሩ መንገድ መውጣት አትችልም፤ ደብተሩን መያዝ አለባት። ደብተሩ ደግሞ ትዕግስት እጅ ነው። ስለዚህ ትዕግስት ሰሌዳውን አይታ እስክትጽፍ ድረስ ስሙ ሊቀየር አይችልም። ነጥብ ከሌለ ደግሞ የሚጠፋ ነገር የለም፤ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም የአልማዝ ነው። የሌላ ሰው ስም ባለበት ቦታ፣ መብት በሌለህ ሰዓት፣ «ያው ነው ብዬ ነው» ብለህ መልሰህ አትጽፍም። ባጉ እኮ ይኸው ነበር። ያየኸውን መልሰህ ስትጽፍ ምንም የለወጥክ ይመስልሃል፤ ግን ባየህበትና በጻፍክበት መሐል ዓለም ተለውጧል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የተቀየረው ኮድ ጥቂት መስመር ነው፤ አብሮት የተጻፈው ማብራሪያ ግን የኮዱን ብዙ እጥፍ ይሆናል። የትኛው ፕሮሰሰር መቼ ምን እንዳደረገ በሠንጠረዥ ተዘርዝሯል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሰው «ይቺ ከሆነ ምን ትሠራለች? ላጥፋት?» እንዳይል ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ማለታቸው ይመስለኛል። እኛ ጋ የባግ ማብራሪያ ስንጽፍ ምን እንላለን? «ተስተካክሏል።» ምኑ? እንዴት? ዝም።

«እኔ ጋ ይሠራል» ምን ያረጋግጣል?

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። በዚያው ማብራሪያ ውስጥ ግላይክስነር አንድ ነገር መዝግቧል። የሙከራ ፕሮግራሙ በአርም64ና በሚፕስ64 ማሽኖች ላይ ስሕተቱን ቶሎ ያወጣዋል። አብዛኞቻችን ላፕቶፕና ሰርቨር ላይ ባለው በኤክስ86 ማሽን ላይ ግን እምቢ ብሏል፤ ባጉ እዚያም ውስጥ ያው እያለ ማለት ነው። ለአሥር ዓመት ሳይታወቅ የቆየውም ምናልባት ለዚህ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል።

እስቲ ይህን በኛ ቢሮ አምጡት። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ማሽን ላይ አይታይም። አንድ ሰው «ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ ይበላሻል» ብሎ መጣ። ምን ይባላል? «የአንተ ማሽን ችግር አለበት።» «ሴትአፕህን እይ።» «እኔ ጋ ይሠራል።» እዚያ ግን ሰውየው የራሱን ማሽን ዝምታ እንደ ማስረጃ አልቆጠረም። ኮዱን አነበበ፤ ቅደም ተከተሉን በወረቀት እንደሚሠራ ሰው አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ማሽኑ አሳየውም አላሳየውም ስሕተቱ እዚያ እንዳለ በምክንያት አረጋገጠ። ልዩነቱ ይህ ነው። ሙከራ ስሕተት መኖሩን ያሳይሃል። አለመኖሩን ግን አያሳይህም።

«አልፎ አልፎ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ የሚሮጥ ኮድ ከሚሊዮን አንዴ ቢሳሳት፣ በአማካይ በየ17 ደቂቃው ይሳሳታል። «ከሚሊዮን አንዴ» ስትል ለራስህ ብርቅ ይመስልሃል፤ ለማሽኑ ግን ከምሳ በፊት ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ላንተ ብርቅ የሆነው ለደወለችልህ ሴትዮ ደግሞ አንዴ ነው፤ ያ አንዴ ግን የልጇ ክፍያ ነው።

የከፋም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ቅድሚያ ማውረስ ጋር የተያያዘ ሌላ የሊኑክስ ባግ ተገኘ። ፊውቴክስ በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ማን ይጠብቃል የሚለው ሒሳብ የሚዛባበት ቀዳዳ ነበር። ታወልሩት የተባለ መሣሪያ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5ን ጨምሮ የብዙ አንድሮይድ ስልኮችን ሙሉ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። የራሱን ስልክ ለመክፈት ለሚፈልግ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ያው ቀዳዳ ግን ሌባም ያስገባል። የባለቤትና የተጠባባቂ ስም መዛባት የጽዳት ጉዳይ አይደለም፤ የበር ጉዳይ ነው። በር ደግሞ በሪስታርት አይዘጋም።

«ሰው እየጠበቀ ነው እኮ»

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። «ደንበኛ ደጅ ቆሞ ኮድ ላንብብ እንዴ? መጀመሪያ ሪስታርት ላድርግ፣ ሥራው ይቀጥል።»

ልክ ነው። ሪስታርት የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው፤ በመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያፍር ሰው የለም። ፓዝፋይንደርም ሪስታርት እያደረገች ነው ሳትሞት የቆየችው። መሐንዲሶቹ ግን «ራሷን ታስነሳለች፤ ምን ችግር አለው» ብለው አልተኙም። ምድር ላይ ባለው መንታ ሲስተም ላይ ያንኑ ችግር እስኪደግሙት ድረስ ሮጡ፤ ሲያገኙት ሥሩን አከሙ። ደሙን በጨርቅ ማሰር አንድ ነገር ነው። ጨርቁን በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየቀየሩ «ድኗል» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ሪስታርት ማስረጃ ያጠፋል። ሰሌዳውን ጠርጎ ከመጀመሪያ ይጀምራል፤ «አልማዝ» የሚለው የተሳሳተ ስም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው የሚሠራውም፤ ለዚህ ነው የማያስተምረውም። ስለዚህ እጅህ ወደ ሪስታርት ከመሄዱ በፊት አምስት ደቂቃ ስጠው። አራት ነገር መዝግብ፦ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ማን ነው? ያ ባለቤት በሕይወት አለ ወይ፣ ምን እየሠራስ ነው? የሚጠብቀው ማን ነው? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ከዚያ አስነሳው። ቀጥሎ ሲደገም ሁለት መዝገብ ይኖርሃል፤ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ መናገር ይጀምራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ «እኛ ዌብሳይትና አፕ ነው የምንሠራው፤ ከርነል ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። «ኮዱን አሁን ኤአይ ነው የሚጽፈው» የሚለውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ኤአይ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፤ እኔም አደርጋለሁ። ግን ሙከራውን ያለፈ ኮድና ትክክለኛ ኮድ አንድ አለመሆናቸውን አሁን አይታችኋል። የአርቲ ሚውቴክሱ ኮድ አሥር ዓመት ሙሉ አልፏል። ማን ጻፈው የሚለው ጥያቄ አይደለም። ሲበላሽ «የእኔ ነው» የሚል ማን ነው?

ከርነል ለእናንተ ምን እንደሚያደርግ ግን በራሴ ላሳያችሁ።

ሠራተኛ ቁጥር 3

ከዚያ ሥራ ከለቀቅኩ በኋላ ነው ይህን የከርነል ጥገና ያነበብኩት። ሌሊት ነበር፤ በመሐል ስንቴ እየተመለስኩ አነበብኩት። ሠንጠረዡ ላይ «አይቶ፣ ቆይቶ፣ መልሶ ጻፈ» የሚለው ቦታ ስደርስ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን አውቀዋለሁ። ይህን እኔ ጽፌዋለሁ።

ሲስተማችን እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ክፍያ አንድ መዝገብ አለው። ሠራተኛ ፕሮግራሞች መዝገቡን ሲያነሱ «የያዘው» የሚለው ቦታ ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። አንዱ ከከፋዩ ሂሳብ ይቀንስና ስሙን አጥፍቶ ይለቀዋል። ከዚያ ሌላው ያነሳውና ለተቀባዩ ያስገባል። ከዚህ ጎን በየደቂቃው የሚሮጥ አንድ የጽዳት ፕሮግራም አለ። ሥራው «እንደገና ይሞከር» የሚለውን ምልክት ማጥፋት ብቻ ነው። ያቺ ነጥቧ መሆኗ ነው። ጽዳቱ ግን ምልክቷን ብቻ አያጠፋም ነበር። መዝገቡን በሙሉ ያነባል፤ ምልክቷ ኖረችም አልኖረችም ያጠፋታል፤ ከዚያ መዝገቡን በሙሉ መልሶ ያስቀምጣል። የምንጠቀምበት ፍሬምወርክ «ሴቭ» ስትለው ሁሉንም ቦታ ነው የሚጽፈው። ያልነካኸውንም ጭምር።

አሁን እናንተው ጨርሱት። ጽዳቱ መዝገቡን አነበበ፤ «የያዘው፦ ሠራተኛ ቁጥር 3» ይላል። በዚያች ቅጽበት ሠራተኛ ቁጥር 3 ብሩን ቀንሶ፣ ስሙን አጥፍቶ ሄደ። ጽዳቱ ያነበበውን መልሶ ጻፈ። «የያዘው፦ ሠራተኛ ቁጥር 3።» ከዚህ በኋላ ማንም ያንን መዝገብ አይነካም፤ ባለቤት አለዋ! ሲስተሙ ሲነሳ ግን የመጀመሪያ ሥራው «የያዘው» የሚለውን ሁሉ ባዶ ማድረግ ነው። ሪስታርት ተአምር የሠራው ለዚህ ነበር። የጽዳቱን ፕሮግራም የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «እኔ ጋ ይሠራል» ያልነው በእያንዳንዳችን ላፕቶፕ ላይ አንድ ሠራተኛ ብቻ ስለሚሮጥ ነበር። ቁጥር 3 የሚባል ሠራተኛ ላፕቶፓችን ላይ አልነበረም።

እዚያ ለቀረ ጓደኛዬ ደወልኩ። ሁለት ለውጥ ነገርኩት፦ ምልክቷ ካለች ብቻ ጻፍ፤ ስትጽፍም ምልክቷን ብቻ ጻፍ። ዝም ብሎ ሰማኝና «በየሌሊቱ ሪስታርት እኮ ያደርጋል» አለኝ። «በቀን የተያዘውስ?» አልኩት። «እስከ ሌሊት ይጠብቃላ።»

«ሲስተም የለም»

«ይጠብቃላ።» ይህን ቃል ካሰብኩበት ቆይቻለሁ። በየመስኮቱ ስንሄድ የምንሰማው ቋንቋ ከዚህ የተወለደ ነው። «ሲስተም የለም።» «ሲስተሙ እምቢ አለ።» «ነገ ይሞክሩ።» ዐረፍተ ነገሮቹን እዩአቸው፤ አድራጊ የላቸውም። ሲስተሙ እንደ ዝናብ ራሱ ይመጣል፣ ራሱ ይሄዳል፤ እንደ ሰው እምቢ ይላል። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ አልወቅስም፤ እሷ የተሰጣትን ነው የምታየው። የምወቅሰው ኮዱን ጽፈን፣ ስንጠየቅ «አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» የምንለውን እኛን ነው። ያደርገዋል? ማን ነው የሚያደርገው? አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ መስመር ጽፏል። ያ ሰው ስም አለው።

ከርነሉ ውስጥ ያለው ሕግ «የቆለፈው ራሱ ይከፍታል» ነው። እኛ የምንጽፈውም በዚያው ሕግ ቢተዳደር ብዬ እመኛለሁ። የጻፍከው ሲበላሽ አንተ ሥሩ ድረስ ውረድ። ካልቻልክ «አልገባኝም» ብለህ ጉዳዩን ክፍት ተወው። ክፍት የተተወ ጉዳይ ነውር የለውም። ሳይፈታ «ተፈትቷል» የተባለ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ እንዳይፈልገው ያደርጋል። ሰሌዳው ላይ ስም ያለበት፣ ውስጡ ግን ማንም የሌለበት ቤት ማለት ነው።

ጓደኛዬ በኋላ ሁለቱን ለውጦች አስገባ። ዘጠኝ ሰዓት የሚነሳውን የኔን መስመር ግን እስከ ዛሬ አላጠፉትም፤ «ለማንኛውም» ይላሉ።

የእናትየዋ ስልክ የለኝም። ቢኖረኝ ያኔ ያልመለስኩትን ጥያቄ እመልስላቸው ነበር፦ እማማ፣ ብርዎ የትም አልሄደም ነበር። ሥራውን ጨርሶ በሄደ ሠራተኛ ስም ተይዞ፣ ከእርስዎ ወጥቶ እዚያ ሳይደርስ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ስሙን መልሶ የጻፈው የእኔ ፕሮግራም ነው። የዚያን ቀን ምርቃትዎን የወሰድኩት ሳልጠግነው ነው።